ከቀሚሴ ጫፍ

ጉለሌ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 9 ቀን 1975 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ ለአቶ መሸሻ፣
ሞላሌ

እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎስ? ያ የክረምቱ ሳል ለቀቀዎት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የዚህ አገር ብርድ ግን ከእኛው ጋር የሚፎካከር ነው፤ ከእንጦጦ ወርዶ አንገቴ ሥር ሲገባ ሞላሌ ያለሁ ይመስለኛል። ፊደሉን ያጎላሁት ሆን ብዬ ነው። የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀትዎን ግድግዳ ላይ ሰቅለው ሲያበቁ ደብዳቤ በጌቱ ማስነበብ አይገባዎትም። ወንድሜን ጠልቼው አይደለም፤ ይህ ግን በእኔና በእርስዎ መካከል ነው። ራስዎ ያንብቡት፤ ቢቆይም ይቆይ።

ዋናውን አስቀድሜ ልንገርዎትና እንዴት እንደሆነ ኋላ አስረዳዎታለሁ፤ አለዚያ እስከ መጨረሻው ልብዎ እንደተሰቀለ ይቀራል። ሲሸኙኝ "የአባትሽ ሥራ ምንድነው ካሉሽ ገበሬ ነው በይ" ብለው ያዘዙኝን አፍርሻለሁ። የቀጥቃጭ ልጅ መሆኔን ተናግሬአለሁ። ጉለሌ በሙሉ ሰምቷል ማለት ይቻላል። አልተጸጸትኩም።

መቼም ሥራዬን ስነግርዎ መጽሐፍ ሌባ እንዳይወስደው መጠበቅ ነው የመሰለዎት። ከእኔ በፊት የነበረው ሰውዬም እንደዚያ ነበር የመሰለው። የልጆች ንባብ ቤቱ ከአንድ ሀብታም የተወረሰ ቤት ሳሎን ነው። ግድግዳው ላይ ሦስት ጢማም ፈረንጆች በረድፍ ተሰቅለዋል፤ ልጆቹ የትኛው ታላቅ ወንድም እንደሆነ ይከራከራሉ። ሰውዬው መጻሕፍቱን በመስተዋት ቁም ሣጥን ቆልፎ ቁልፉን በኪሱ ይዞ ይዞር ነበር አሉ። ንብረት ከጎደለ ተጠያቂው እሱ ነዋ! ልጆቹ አፍንጫቸውን መስተዋቱ ላይ ለጥፈው የሽፋኑን ሥዕል አይተው ይሄዳሉ። እኔ በመጣሁ ሳምንት ቁም ሣጥኑን ከፈትኩት፤ ከዚያ ወዲህ ተቆልፎ አያውቅም።

አሠራሬ ይህ ነው። በሩ ላይ ባልዲ ውሃና ሳሙና አስቀምጫለሁ። የማንም ልጅ ይሁን፣ እጁን ሳይታጠብ መጽሐፍ አይነካም። ከዚያ ምንጣፍ ላይ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። መጽሐፉ ለሁሉም ስለማይዳረስ አንዱ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ እያንዳንዱ አንድ ገጽ ጮክ ብሎ ያነባል። ማንበብ የማይችለው ሥዕሉን አይቶ የመሰለውን ይናገራል፤ አንዳንዴም ከተጻፈው የተሻለ ይወጣዋል። እኔ ደግሞ እነሱ ሲያነቡ ማዕዘን ላይ ተቀምጬ መጻሕፍቱን ከሰፈራችን ባለሱቅ ከጋሽ ኑሪ በማገኘው ወፍራም ወረቀት እለብጣለሁ። መቀስ ከእጄ አይጠፋም።

ከቀጨኔ የምትመጣ ማሚቴ የምትባል ልጅ አለች። እናቷ ሸክላ ሠሪ ናት። ይህች ልጅ ስታነብ ቢሰሟት! ጅብ ሲመጣ ጅብ ትሆናለች፤ ንጉሥ ሲመጣ ድምፅዋን ታወፍራለች፣ ንጉሥ በቀረበት ዘመን ከየት እንደተማረችው እንጃ። ታዲያ ሁልጊዜ ከክቡ ወጣ ብላ በሩ አጠገብ ትቀመጥ ነበር። ዓይን አፋር መሰለችኝ። ሞኝነቴን ይዩልኝ! የእርስዎ ልጅ ሆኜ፣ አንዲት የሸክላ ሠሪ ልጅ ለምን በር ላይ እንደምትቀመጥ አልገባኝም። ያ ነገር መንዝ የቀረ፣ አዲስ አበባ የማይገባ መስሎኝ ነበር። እጇን ይዤ ወደ መሃል አመጣኋትና ከስብሐት ጎን አስቀመጥኳት።

ስብሐት የቤት አከራዬ የእትዬ የዓለምወርቅ የልጅ ልጅ ነው። እሳቸውን ባለፈው ደብዳቤዬ አመስግኜልዎት ነበር፤ አሁንም አመሰግናቸዋለሁ። ጉለሌ ተወልደው ጉለሌ ያረጁ፣ ከእሑድ እስከ እሑድ ደጃፋቸው ከሰው የማይለይ ሴት ናቸው። እንደመጣሁ ጉንፋን ሲጥለኝ አጥሚት አፍልተው፣ ራሴን ደግፈው ያጠጡኝ እሳቸው ናቸው። "እናትሽ የለችም ብለሽ እንዳታስቢ" ብለውኛል። ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ይህ ደብዳቤ አጭር ይሆን ነበር።

መስከረም መጨረሻ ላይ ስብሐት ታመመ። ትኩሳት ያዘው፣ እህል አልቀምስ አለ፣ ይቃዥ ጀመር። ትኩሳቱ አልበርድ ሲል እትዬ ንባብ ቤት ድረስ መጡ። ልጆቹ እያነበቡ ነበር። ክንዴን ይዘው ወደ ማዕዘን ሳብ አደረጉኝ።

"አፀድዬ፣ ልጄን በላችብኝ።"

"ማን?"

በአገጫቸው ወደ ማሚቴ ጠቆሙ። "አጠገቡ ያስቀመጥሻት። ዓይኑን ዓይኑን እያየች አብራው ስታነብ ነበር አሉ። ባንቺ አልፈርድም፤ የሰፈሩን ሰው አታውቂም።"

"እትዬ፣ ሐኪም ቤት እንውሰደው።"

"ሐኪም ይህን ምን ያውቃል? እንደው በእመቤቴ፣ ካንቺ በቀር የሚቀርባት የለም። መቀስሽን ይዘሻል። መጽሐፉ ላይ ስታጎነብስ ከቀሚሷ ጫፍ ትንሽ ቁራጭ ስጪኝ። በሱ ልጁን አጥነዋለሁ፣ ይለቀዋል። እሷም አታውቅ፣ ማንም አያውቅ።"

አባቴ፣ ያን ጊዜ ምን እንደታየኝ ልንገርዎት። ልጅ ሳለሁ ከገበያ ስንመለስ እናቴ፣ ነፍሷን ይማር፣ የቀሚሴን ጫፍ ገልበጥ አድርጋ ታይ ነበር። አንዳንድ ቀን ተቆርጦ ታገኘዋለች። መርፌዋን ታወጣና ትዘመዝመዋለች። እኔ አይጥ የበላው ይመስለኝ ነበር። ቀሚሴ በየጊዜው የሚያጥረው ስለማድግ ብቻ እንዳልነበረ የገባኝ እዚያ ማዕዘን ላይ፣ መቀሱ እጄ ላይ ሳለ ነው። እርስዎ ያውቁ ነበር። ገበሬ ነው በይ ያሉኝም በዚህ ከተማ ልብሴን ማንም እንዳይቆርጠው ነው። ገብቶኛል፤ በዚህ አልወቅስዎትም።

ማሚቴ ተራዋ ደርሶ፣ ጎንበስ ብላ መስመሩን በጣቷ እየተከተለች ነበር። የለበሰችው ከእናቷ አሮጌ ልብስ የተሰፋላትን ነው። ከዚያ ላይ ምን ይቆረጣል?

"የሷን አልቆርጥም፣ እትዬ።"

"ታዲያ ልጁ ይሙት?"

"አይሙት። የሚያድነው የባለእጅ ልብስ ከሆነ የኔን ይውሰዱ። እኔ የቀጥቃጭ ልጅ ነኝ። አባቴ ማረሻና ማጭድ የሚሠራ ሰው ነው። ስብሐትን ደግሞ ከማሚቴ ይልቅ ሳየው የምውለው እኔ ነኝ።"

ዝቅ አልኩና ከቀሚሴ ጫፍ ቆርጬ እጃቸው ላይ አስቀመጥኩት። ያ ከደብረ ብርሃን የገዙልኝ ሰማያዊው ቀሚስ ነው፤ ለሱ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

እትዬ ቁራጩን መጣሉም መያዙም ቸገራቸው። ፊቴን ሲያዩኝ፣ አጥሚት ያጠጡኝን ጭምር የሚያስታውሱ መሰለኝ። በመጨረሻ ጨብጠውት ወጡ። ልጆቹ ማንበባቸውን አቁመው ያዩኝ ነበር። "ቀጥይ ማሚቴ፣ ገጹ አላለቀም" አልኩ። ድምፄ ተንቀጠቀጠ። የሷ ግን አልተንቀጠቀጠም።

እዚህ ላይ ከፈለጉ ይሳቁ። እትዬ ልጁን በኔ ጨርቅ አጠኑት። በዚያው ዕለት ጋሽ ኑሪ "ጭሱም ይሁን፣ መርፌውም ይሁን፤ ልጁ ይዳን እንጂ" ብለው አዝለውት ወጡና በውይይት ታክሲ ጤና ጣቢያ አደረሱት። ታይፎይድ ነው ተባለ፣ መድኃኒት ታዘዘለት፣ ዳነ። ማን አዳነው ቢሉ፣ ጭሱ! ጭሱ ካዳነው ደግሞ የበላሁት እኔ ነኝ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ፍርድ ሰምተው ያውቃሉ?

ከዚያ ወዲያ ምንጣፉ ባዶውን ዋለ። የቀበሌ ሱቅ ሰልፍ ላይ ስቆም ከፊቴ ያሉት ሴቶች ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ ያደርጋሉ። ማሚቴም ቀረች። እትዬ ቤቴን ልቀቂ አላሉኝም፤ ግን አብረን መቁረሳችን ቀረና የኔ ሰሐን ለብቻው ተለየ። ከሁሉም ይህ አቃጠለኝ። አልቅሻለሁ፣ አልደብቅዎትም።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ለሜሳ አስጠሩኝ።

"ጓድ አፀደ፣ ይህ ቡዳ ምናምን የሚባለው የአድኃሪያን አስተሳሰብ ነው። አብዮታችን ቀብሮታል።"

"ታዲያ ምን ችግር አለ?"

"መቀበሩን እናቶቹ አልሰሙማ!"

ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ወንበራቸውን ጠጋ አደረጉ። "ተናድጄ የተናገርኩት ነው በያቸው፣ በቃ። አባቷ ገበሬ ነው ብዬ እኔው ስብሰባ ላይ አረጋጋልሻለሁ። የሙከራ ጊዜሽ ሊያልቅ ነው። ልጅ የማይገባበት የልጆች ንባብ ቤት ለምን ያስፈልጋል ቢሉኝ ለበላይ አካል ምን ልመልስ?"

እሳቸውም ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሥራዬን ሊያተርፉልኝ ነው የፈለጉት። አንዲት ቃል ብቻ ነበር የቀረችኝ፣ እሷም እርስዎ ያስጠኑኝ ቃል ነች። አፌ ግን እምቢ አለ። "ጓድ ለሜሳ፣ አባቴን በስብሰባ አላስክድም። ልጆቹን ግን እመልሳለሁ" አልኳቸው።

ከዚያው በቀጥታ ቀጨኔ፣ ማሚቴ ቤት ሄድኩ። እናቷ እጇ በጭቃ እንደተለወሰ ማሰሮ ስታለሰልስ አገኘኋት። ቀና ብላ አላየችኝም።

"ልጄን ተዪልኝ እህቴ። ለሷም ላንቺም ጦስ ነው። እኛ እንደሆን ለምደነዋል።"

"እኔም ለምጄው ነበር። አሁን ግን መልመዱ ሰለቸኝ።"

እጇ ቆመ። "እውነትሽን ነው የባለእጅ ልጅ ነሽ?"

"አባቴ ወናፍ የሚነፋለት ሲያጣ እኔ ነበርኩ የምነፋለት። ፊቴ ጥላሸት ለብሶ እናቴ ከወንድሜ መለየት ያቅታት ነበር።"

ሳቀች። ብዙ ጊዜ ያልሳቀች ሴት አሳሳቅ ነው የሳቀችው። "ነገ ትመጣለች" አለች።

ማሚቴ መጣች፤ የጎረቤቶቿን ልጆችም አስከትላ መጣች። የባልዲው ውሃ በሸክላ አፈር ቀላ። እኔም በሩንም መስኮቱንም ወለል አድርጌ ከፈትኩት፤ የሚያልፍ ሁሉ ይስማ ብዬ። ማሚቴ ጅብ ስትሆን መንገድ ላይ ኳስ የሚጫወቱት ቆም ይላሉ። መጀመሪያ አጥሩ ላይ ተንጠለጠሉ፣ ቀጥሎ ደረጃው ላይ ተቀመጡ፣ ከዚያ አንዱ እጁን ታጥቦ ገባ። እናቶቻቸው ሲጠሯቸው ይሮጣሉ፣ እናቶቻቸው ዞር ሲሉ ይመለሳሉ። ማባረሩ እናቶቹን ሳያደክማቸው አልቀረም።

ባለፈው ዓርብ ስብሐት መጣ። ከስቷል፣ አንገቱ ቀጥኗል። እጁን ታጠበና ፊቴ መጥቶ ቆመ።

"እትዬ አፀደ፣ በልተሽኝ ነበር?"

"አንተ ምን ይመስልሃል?"

ትንሽ አሰበ። "ከበላሽኝማ ሳትጨርሺኝ ለምን ተውሽኝ?"

"ምናልባት አልጣፍጥ ብለኸኝ ይሆናል።"

ማሚቴ በሳቅ ፈረሰች። እሱም ሳቀና ሄዶ ጎኗ ቁጭ አለ። አሁን ግን ማንም አላስቀመጠውም።

ተራው ደርሶ እያነበበ ሳለ እትዬ ሊወስዱት መጡ። በሩ ላይ ቆሙ፤ አልገቡም። ከአፋቸው አንዲት ቃል ብትወጣ ምንጣፉ እንደገና ባዶ እንደሚሆን አውቃለሁ። መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ስብሐት አላያቸውም። አንድ ቃል ከበደው፤ ማሚቴ ጠጋ ብላ በጣቷ እየጠቆመች አነበበችለት። እትዬ ጣቷን አዩ፣ የልጁን ፊት አዩ፣ ነጠላቸውን ጨብጠው ቆዩ። ገጹ ሲያልቅ ቀና አለና ደነገጠ።

"መጣሁ እማማ!"

"አልቋል?"

"ገና አንድ ዙር ይቀረናል።"

"እንግዲያ ጨርሰህ ና" አሉት፤ ተመልሰው ሄዱ። ሰሐኔ ዛሬም ለብቻው ነው።

ሥራው ይጽናልኝ አይጽናልኝ ገና አልታወቀም፤ ወሩ ሲያልቅ ይነገረኛል። እስከዚያ በሩን እከፍታለሁ። ከከለከሉኝ ደግሞ ቀጨኔ የማሚቴ እናት ደጃፍ ላይ ምንጣፍ አነጥፋለሁ። ለልጅ ተረት ለመናገር የማንም ማኅተም አያስፈልግም።

አሁን የእርስዎን ጉዳይ ላንሳ። ጌቱ ለዓይንዎ ሕክምና በጥር ይዞዎት እንደሚመጣ ጽፎልኛል። ደስታውን አልቻልኩትም። ከሥሩ ግን "ሰው ከጠየቀ አውድማ ላይ ጭድ መታኝ እንዲሉ ተነጋግረናል፣ አንቺም እንዳትሳሳቺ" ብሏል። አባቴ፣ ይህን አይበሉ። ያንን ዓይንዎን የመታው ጭድ አይደለም፤ የሰው ማረሻ ሲቀጠቅጡ የተፈናጠረ ብረት ነው። ሐኪሙ ጭድ ሲፈልግ ብረቱ ውስጥዎ ይቀራል። "ምን መታዎት?" ሲልዎት "ብረት" ይበሉት። ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እየሰማ ቢጠይቅዎትም "ብረት" ይበሉ፣ ድምፅዎን ሳይቀንሱ። እኔ እጅዎን ይዤ አጠገብዎ እቆማለሁ።

ጉልበትዎን ስሜአለሁ። እግዚአብሔር መንገድዎን ያቅናልኝ፣ ብርሃንዎን ይመልስልኝ፤ እርስዎም በምርቃትዎ አይርሱኝ።

በዚህ አንድ ነገር ብቻ ያልታዘዝኩዎት ልጅዎ
አፀደ መሸሻ