ስለ ጋሼ መሮ ዕረፍትና ስለ አንገተ ጠማማዋ ወፍ

የእንጨት ቅርጽና የቤት ዕቃ ሠሪ ቤተሰቦች ማኅበር፣ አንጋፋው ባለሙያና የላይኛው ቤት ድርጅት ባለቤት፣ ሁላችንም «ጋሼ መሮ» እያልን የምንጠራቸው አባታችን በሰማንያ አንድ ዓመታቸው ማረፋቸውን ለአባላቱ፣ ለደንበኞቹና ለሕዝብ የሚያስታውቀው ልቡ ተሰብሮ ነው። ጽሕፈት ቤታችን ደረሰኝ እንጂ ሐዘን መጻፍ አይሆንለትም፤ ዝም ማለት ግን አልቻልንም።

ጋሼ መሮ በሃያ ዓመታቸው የቀረጿቸው ባለወይን ሐረግ ወንበሮች ዛሬም ሳይነቃነቁ ሰው ይሸከማሉ። በአርባ ዓመታቸው የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሆነው «ሚስማር የሰነፍ ኮላ ነው» በሚለው አባባላቸው ስንቱን ሰነፍ አሳፍረዋል።

ስለ ትልቁ ቁም ሣጥን ሳንናገር ብናልፍ ግን እርሳቸውን መካድ ይሆንብናል።

በሃያ ስድስት ዓመታቸው፣ በአዳራሻችን ያለውን ጥንታዊ ቁም ሣጥን ሲያድሱ ቅርጹ እጅግ ቢማርካቸው፣ ከአያታቸው በቀር ይህን የሚሠራ እጅ የለም ብለው አመኑ። ከመሳቢያው ሥር የነበረችውን የደበዘዘች ምልክት ጭረት ናት ብለው በመላጊያ ፋቋት፤ በቦታዋም የላይኛውን ቤት ምልክት ቀረጹ። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ አራት ዓመት ዕቃው በላይኛው ቤት ስም ተጠራ። ላይኛው ቤት ካለበት መንገድ ግርጌ የሚገኘው ተፎካካሪ ድርጅት፣ ምልክቱ ትንሽ ወፍ የሆነው የታችኛው ቤት፣ «ከእነሱ ደህና ሥራ መቼ ወጥቶ ያውቃል» እየተባለ ገበያ ራቀው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። በስልሳ ዓመታቸው፣ ነቀዝ የበላውን የቁም ሣጥኑን በር ሲጠግኑ፣ መሮአቸው በአሮጌው ቅርጽ ውስጥ በቀኝ እጅ አልገባ አላቸው። ወደ ግራ እጃቸው ቢያዞሩት ልክክ አለ። አያታቸው በቀኝ እጃቸው የሚሠሩ ነበሩ። በመንገዱ ካሉት ቀራጮች ግራኝ የነበሩት የታችኛውን ቤት የመሠረቱት እናት ብቻ ናቸው።

ማንም አላየም፤ ዝም ቢሉ ማን ይጠይቃቸዋል? ጋሼ መሮ ግን በጠቅላላ ጉባኤ ፊት ቆመው «ይሄ ቁም ሣጥን የእኛ አይደለም፤ የታችኛው ቤት ነው። ምልክታቸውን የፋቅኋት እኔ ነኝ። ጭረት ናት ያልኩት ጭረት እንድትሆን ስለፈለግሁ ነው» አሉ። የገዛ ወንድሞቻቸው ለወራት አኮረፏቸው። የመሥራቿ የልጅ ልጅ፣ የዛሬዋ የታችኛው ቤት ባለቤት፣ የሰጡት መልስ በቃለ ጉባኤው ሰፍሯል፦

«እንግዲያው ወፏን መልሰው ይቅረጹልን። በግራ እጅዎ።»

ጋሼ መሮ እሺ ብለው ዓመት ሙሉ በቁርጥራጭ እንጨት ላይ ተለማመዱ፤ ያላቆሰሉት ጣት አልነበረም። በመጨረሻ በመሳቢያው ሥር የቀረጿት ወፍ አንገቷ ጠመመ። ጽሕፈት ቤቱ ያን ጊዜ ዳክዬ ትመስላለች የሚል አስተያየት ሰጥቶ ነበር፤ ዛሬም አልለወጠም። ያም ሆኖ ሁለቱ ቤቶች በዚያው ዓመት ከመንገዱ እኩሌታ ላይ የጋራ ማሠልጠኛ ከፈቱ። እስከ አሁን ስልሳ ሦስት ባለሙያዎችን አስመርቋል።

እርሳቸው ከታመሙ ጀምሮ፣ እርቁም ማሠልጠኛውም አብረዋቸው ያልቃሉ የሚል ወሬ ነበር። እኛም ፈርተን ነበር፤ አንዋሽም። ማሠልጠኛው አይዘጋም። ሰኞ ጠዋት በሴት ልጃቸውና በታችኛው ቤት ባለቤት የጋራ ኃላፊነት ሥራውን ይቀጥላል፤ አዲስ ተመዝጋቢዎችም መሮአቸውን ስለው እንዲመጡ እናሳስባለን።

ለባለቤታቸው፣ ለልጆቻቸው፣ ላኮረፉትም ለታረቁትም ወንድሞቻቸው፣ ለሁለቱም ቤቶች ባልደረቦች ማኅበሩ ብርታትን ይመኛል።

ይህ መግለጫ ሊወጣ ሲል ከታችኛው ቤት የደረሰንን ውሳኔ ለአባላት እናስታውቃለን። ከዛሬ ጀምሮ በድርጅቱ ዕቃዎች ሥር የምትቀረጸው ምልክት የድሮዋ ወፍ ሳትሆን ጋሼ መሮ በግራ እጃቸው የቀረጿት ወፍ ትሆናለች። አንገቷን ማንም እንዳያቃና ተብሎ በደብዳቤው ላይ ተጽፏል።