ኒውሻቴል ያየሁት መጽሐፍ ቅዱስ

ኖኤሚ የልጅነት ጓደኛዬ፣

የእኛ የፕሮቴስታንቶቹ የፈረንሳይኛ መጽሐፍ ቅዱስ መጀመሪያ የታተመው እዚህ ኒውሻቴል አይደል? አንዱን ሙዚየም ውስጥ፣ በመስታወት ሣጥን አየሁት። ጣት የነካው አይመስልም። ጎንበስ ስል ጠባቂው «እማማ፣ ፈቀቅ ይበሉ እንጂ፤ መስታወቱን በትንፋሽዎ አደበዘዙት!» ብሎ ተቆጣኝ።

የእናንተ ቤቱ መጽሐፍ ቅዱስ ትዝ አለኝ። በስደቱ ዘመን እምነታችንን ከከለከለው ንጉሥ ወታደሮች የተሸሸገው የሻቴኝ ዛፍ ፍሬ ለክረምት ቀለብ በጭስ በምናደርቅባት ጎጆ ነበር፤ ዛሬም ጭስ ጭስ ይሸታል። እናትሽ ልታነብልን ስትል ገጹን እፍ ትላለች። አቧራው አፍንጫችን ገብቶ ስናስነጥስ «ቀስ! ወታደር ይሰማችኋል!» ትለን ነበር፤ ወታደሩ ከሄደ ስንት ዘመኑ!

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። የልጅ ልጅሽን ጌዴዎንን ሳሚልኝ። መጽሐፉን ለሙዚየም እሰጣለሁ ያልሽውን ግን ተዪው፤ እዚህ እፍ የሚለው ሰው የለም።

ያንቺዋ ሊዲ