ያለ ስለት ወደ ታጁራ

ኅዳር 8

መጋረጃ አጠብሁ። አጥሩን የሚጠግነው ሰው ዛሬም አልመጣም። «ነገ» ብሎ ነበር… የትኛው ነገ?

ሃኒ ከድሬዳዋ ደወለች። የልጅ ልጄ፣ እዚያ ነርስ ናት። «እምዬ፣ በታኅሣሥ ፈቃድ አለኝ። ጂቡቲ፣ ታጁራ ወስጄ ባሕር ላሳይዎት።»

ሳቅሁ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግን ነገሩ ያዘኝ። እዚሁ ማርቆስ ሠላሳ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬያለሁ። የታጁራን ባሕረ ሰላጤ ዓይኔን ጨፍኜ በጠመኔ እስለዋለሁ። ባሕር የሚባል ነገር ግን አይቼ አላውቅም። ሰባ ሦስት ዓመቴ ነው። ጉልበቴ ዘንድሮ ደረጃ ይወጣል። ለከርሞስ?

ኅዳር 10

ለልጄ ለይሄይስ ነገርሁት። ሃያ ዓመት በጂቡቲ መስመር ከባድ መኪና የነዳ ሰው ነው።

«እማዬ፣ እዚያ ያለው ሙቀትና ዝንብ ነው።»

«ታጁራን አይተኸዋል?»

«እኔ እንኳ ወደቡን ነው የማውቀው…»

«ታዲያ በማታውቀው አትመስክር።»

«ሰው ራቁቱን የሚተኛበት ቦታ በዚህ ዕድሜሽ… ሰው ምን ይላል?»

ኢየሩሳሌም ብል ኖሮ ደስ ይለው ነበር። ፓስፖርቴንም አምና ለዚያ ብሎ ያወጣልኝ እሱ ነው። ግሸን ብል ወንበር ተሸክሞ ይከተለኛል። አሮጊት ከቤቷ የምትወጣው ለመሳለም ወይም ለለቅሶ ብቻ ነው ያለው ማን ነው? የት ተጽፏል?

ኅዳር 21

የማርያም ማኅበር፣ በጓደኛዬ በሥራነሽ ቤት። ዳቦው ሳይቆረስ ጎረቤቴ ሽታዬ ተነሥታ በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ጭኔ ላይ አስቀመጠች። የከፋይ ጥላ ነው፣ ዘርፉ የሚያብረቀርቅ።

«ልጄ ሂዊ ምጥ የጠናባት ጊዜ የተሳልሁት ነው። ለቁልቢ ገብርኤል አድርሽልኝ። ይሄይስ ነገረኝ፤ ስለትሽን ልታስገቢ ነው አሉ።»

ሌሎቹም ሻማቸውን አወጡ። እልል ተባለ።

ምን ስለት አለብኝ? ልጄ ዋሸብኝ! የባሰው ግን የእኔ ነው። የዋሸ ተማሪ ጥግ አቆም የነበርሁት ሴትዮ ጥላውን ታቅፌ «አሜን» አልሁ።

ኅዳር 22

ቁጣዬ አልበረደም። ጥላው ቁም ሣጥኑ ላይ ተጋድሟል። ወደዚያ አላይም።

ኅዳር 23

ይሄይስን አስጠራሁት። «ማን ፈቀደልህ?»

«ቁልቢ እኮ ድሬዳዋ አጠገብ ነው፣ መንገድሽ ላይ! ስምሽን ልጠብቅ ብዬ ነው።»

«ስሜን ራሴ እጠብቃለሁ።»

ከዚያ በየቤቱ ዞርሁ። ስለት የለብኝም፣ የምሄደው ባሕር ለማየት ነው፣ የእናንተን ግን አደርሳለሁ፣ ያልፈለገ መልሶ ይውሰድ አልሁ። ሁለቱ ሻማቸውን ወሰዱ። ይውሰዱ!

ሽታዬ አፈጠጠችብኝ። «ባሕር? ምን ሊያደርግልሽ?»

«ላየው።»

«አይተሽስ?»

«እመለሳለሁ!»

ጥላውን ያዘችው፣ ለቀቀችው፣ ደግሞ ያዘችው። በመጨረሻ «መጀመሪያ ቁልቢ» አለች። «በባሕር ውኃ የራሰ እጅ የገብርኤልን ጥላ እንዳይነካብኝ።»

ታኅሣሥ 19

ቁልቢ። መቆሚያ የለም። ጥላው ገባ፤ ሻማውም። ለሽታዬ ብዬ ደረሰኝ ጠየቅሁ። ሃኒ አፈረችብኝ። ትፈር።

ታኅሣሥ 23

ታጁራ። በባቡር ጂቡቲ፣ ከዚያ በመርከብ ባሕረ ሰላጤውን ተሻገርን። በጠመኔ የሣልሁትን መስመር…

ሙቀቱ የታለ? በእኛ አገር የመጋቢት ቀትር ማለት ነው። ዝንብ ሁለት ቈጠርሁ። ሁለት! ይሄይስ አንድ ወደብ አይቶ ዳርቻውን ሁሉ ኮነነ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ። ነጫጭ ቤቶች፣ መስጊዶች፣ ከኋላ ጥቁር ተራራ። አሸዋው ላይ የሚጋፋ የለም፣ ሙዚቃ የሚያስጮህ የለም፣ ግዙ እያለ የሚጎትት የለም። ራቁቱን የተኛም የለም። የአፋር ሴቶች ከነልብሳቸው ይገባሉ። እኔም ከነቀሚሴ ገባሁ።

«እምዬ፣ እዚያው ይበቃል!» ትጮኻለች ሃኒ።

«ምክር አልጠየቅሁሽም!»

እስከ ደረቴ ገባሁ። ውኃው ተሸከመኝ። ደረጃ በወጣሁ ቁጥር የሚያስጮኸኝ ጉልበት ጭራሽ የእኔ አልመስል አለ። ውኃውን ቀመስሁት። «ጨዋማ ነው» ብዬ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ ጽፌያለሁ። ጉሮሮ እንደሚያንቅ ግን ለአንድ ተማሪ እንኳ አልነገርሁም። ከየት አውቄ! ይኼ ሁሉ ባሕር ከሃኒ ቤት በሁለት ቀን መንገድ ተቀምጦ…

የአገሩ ሰዎች ዓሣ ጠበሱ። ጾም ነው፤ ሽታው ብቻ ደረሰኝ። ዳቦ በምስር በላሁ።

ጥር 21

ማኅበር፣ በእኔ ቤት። ደረሰኙን ለሽታዬ ሰጠሁ፤ ስማ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። ስለ ቁልቢ ሁሉም ጠየቀኝ። ስለ ባሕሩ አንድ ሰው! አንድም አልጠየቀኝ። ተቀየምሁ።

ሰው ሲበተን ሽታዬ ብርጭቆ ላጥባ ብላ ቀረች።

«ከነቀሚስሽ ነው የገባሽው አሉ?»

«ከነቀሚሴ።»

«ጉልበትስ?»

«ውኃው ይሸከማል።»

ሌላ ብርጭቆ አጠበች። የታጠበውንም ደገመችው። «ስለት ብሳል… ለከርሞ መሄጃ ይሆነኝ ነበር።»

«ስለት አያስፈልግሽም!» ብዬ ጮህሁባት። ነጠላዋን አንሥታ ወጣች። አበዛሁት?

ጥር 23

ይሄይስ ደወለ። «እማዬ፣ እትዬ ሽታዬ ፓስፖርት አውጣልኝ ብላ ይዛኛለች። ቢሮ ወረፋ ላይ ነን፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ የት ልትሄድ ነው ይለኛል። ምን ልበል?»

«ባሕር ልታይ ነው በላ!»