አንድ ጊዜ ተጠርተው ስለሄዱት የመሣሪያ ክፍል ኃላፊያችን

ከቀሐ ማዶ ተግባራዊ ምርምር ማዕከል ለሠራተኞች፣ ለአጋር ገበሬዎችና ለመላው ሕዝብ የተሰጠ የሐዘን መግለጫ
ጎንደር፣ ታኅሣሥ 2017 ዓ.ም.

ማዕከላችን የእርሻ መሣሪያዎች ክፍል ኃላፊውን በሞት አጥቷል። ይህን ስናስታውቅ ልባችን ተሰብሯል፤ ሌላ ማለት ብንችል ደስ ባለን ነበር። ኃላፊያችን ባለፈው ኅዳር ከአምባ ጊዮርጊስ በላይ በምትገኘው ጉም ደጅ በተባለች መንደር የገብስ መውቂያ ማሽን ሲያሠሩ ከአውድማው አጠገብ ካለው ገደል ወድቀው ሕይወታቸው አልፏል። አስከሬናቸው እስካሁን አልተገኘም።

አንባቢ የሟቹ ስም እስካሁን ለምን እንዳልተጻፈ ሊጠይቅ ይችላል። ረስተነው አይደለም፤ ሆን ብለን ነው፤ ምክንያቱንም ዝቅ ብለን እንገልጻለን። እስከዚያው ድረስ ይህን መግለጫ በቢሮ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ወይም በሬዲዮ ጮክ ብሎ የሚያነብ ሰው ስማቸውን ከራሱ እንዳይጨምር በአክብሮት እናሳስባለን።

ኃላፊያችን በጠዳ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ገና በሕፃንነታቸው ስላረፉ ያሳደጓቸው እናታቸው ወይዘሮ እናኑ ብቻቸውን ናቸው። ሌላ ልጅ የላቸውም። ትምህርታቸውን በጠዳና በአዘዞ ተከታትለው በሜካኒካል ምህንድስና ከተመረቁ በኋላ በ2003 ዓ.ም. ማዕከላችንን ተቀላቀሉ። እንደሚታወቀው ማዕከሉ የእርሻ መሣሪያ፣ የመዋቢያ ቅባትና የባህል መድኃኒት የሚባሉ ሦስት ክፍሎች አሉት። ሦስቱ ክፍሎች ከተቋቋሙ ጀምሮ በበጀትም በክፍል ጥበትም ሲናቆሩ የኖሩ ናቸው። የተስማሙበት ነገር ቢኖር እሳቸውን መዋስ ነበር።

በ2005 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የገብስ መውቂያ ማሽን ሠሩ። ማሽኑ ፍሬውን ይፈረካክስ ስለነበር የጉም ደጅ ገበሬዎች፣ አያ አድማሴን አስቀድመው፣ «በሬም እያበራየ ይበላል፤ ምነው ይህ ማኪና እንዲህ ይበላል?» ብለው መለሱት። ኃላፊያችን አልተከራከሩም። የማሽኑን ጥርሶች በአሮጌ የመኪና ጎማ አልብሰው በተከታዩ መኸር ይዘውት ተመለሱ። ዛሬ በሰሜን ጎንደር ደጋ የሚሠሩት መውቂያዎቻችን በሙሉ ያንኑ የጎማ ልብስ የለበሱ ናቸው።

በ2008 ዓ.ም. ለመዋቢያ ክፍሉ የኑግና የጥቁር አዝሙድ ቅባት መጭመቂያ ሠሩ። ከዚሁ ቅባት የተዘጋጀው የጸጉር ማለስለሻ ሲሞከር የመጀመሪያው ፈቃደኛ እሳቸው ነበሩ። ፈቃደኛው መላጣ እንደነበሩ በሪፖርቱ አልተጠቀሰም፤ አሁን እንጠቅሰዋለን።

በ2011 ዓ.ም. ለባህል መድኃኒት ክፍሉ የቀበርቾ ሥር መክተፊያ አበረከቱ። የባህል ሐኪሞቹ ብረት የነካው ሥር ኃይሉን ያጣል ብለው ነበርና የክፍሉ ተመራማሪዎች ይህ በላቦራቶሪ ይጣራ እያሉ አንድ ዓመት ሲከራከሩ እሳቸው የመክተፊያውን ምላጭ ከወይራ እንጨት ቀርጸው ጨረሱት። «ብረት ካልነካው ማን ይጎዳል?» ማለታቸው ይታወሳል። ሰው የሚፈራውን ነገር ሳያፌዙና ሳይሰብኩ በሥራቸው ውስጥ ቦታ ይሰጡት ነበር። እኛ እንደዚያ አልነበርንም።

በ2014 ዓ.ም. የመውቂያውን ጥሩምባ ቀየሩ። በጉም ደጅ ጉሙ ከገደሉ ወጥቶ አውድማውን ሲሸፍነው ሰው ሰውን የሚጠራው ሦስት ጊዜ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ጠርቶ ዝም ያለ ነገር ሰው አይደለም ይባላል፤ ለእሱ «አቤት» አይባልም። የማሽኑ ጥሩምባ ግን ሥራ መጀመሩን የሚያስታውቀው በአንድ ጩኸት ነበርና ገበሬዎቹ ጉም ባለ ቀን ወደ አውድማው አይመጡም ነበር። ኃላፊያችን ጥሩምባውን ሦስት ጊዜ እንዲጮህ አደረጉት። ሰዎቹም መጡ።

እንግዲህ ይህን ደንብ ከማናችንም በላይ የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ። ከሐዘናችን ጋር ያልተለየን ጥያቄም ይኸው ነው።

በዕለቱ የገብሱ ክምር ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ጉሙ ወጣ። የማሽኑ ነጂ ባልደረባችን ኢዮስያስ እጁን እንኳ ማየት ስላልቻለ ሞተሩን አጠፋ። ኃላፊያችን በዚያች ሰዓት ከማሽኑ ጀርባ የላላ ብሎን ያጠብቁ ነበር። በጸጥታው ውስጥ በአውድማው የነበረ ሰው ሁሉ የእሳቸውን ድምፅ ሰማ፤ «አቤት!» አሉ። ቀጥለውም «መጣሁ» አሉ፤ ድምፃቸው ወደ ገደሉ ዞሮ ነበር። አያ አድማሴ «አትሂድ! አትሂድ! አትሂድ!» እያሉ መጮኻቸውን ሁሉም መስክሯል።

ማዕከሉ በቦታው የነበሩትን ሁሉ አንድ በአንድ ጠይቋል። ኃላፊያችንን የጠራ ሰው የለም። ጥሪ የሰማም የለም። ጉሙ ሲገፈፍ ባርኔጣቸው በማሽኑ እጀታ ላይ ተሰቅሎ ነበር። ገበሬዎቹ በገመድ ወርደው ከገደሉ ወገብ መፍቻቸውን አገኙ፤ ከዚያ በታች ወንዙ ነው። ፖሊስም ከዚያ የወደቀ ሰው በሕይወት ሊገኝ እንደማይችል ገልጾልናል።

ለምን በመጀመሪያው ጥሪ መለሱ ለሚለው፣ ወይዘሮ እናኑ ለሐዘን ለሄዱት ልዑካናችን የሚከተለውን ተናግረዋል። «ጠዳ ላይ ይህ ደንብ የለ። እኔ ስጠራው ቶሎ አቤት ካላለ እቆጣው ነበር። ሁለተኛ አስጠርቶኝ አያውቅም። ምነው ሸጋ አድርጌ ባላሳደግሁት!» ሥራ የያዘ፣ ሐሳቡ ብሎኑ ላይ የነበረ ሰው ስሙን ሲሰማ የሚመልሰው እናቱ እንዳስለመደችው ነው።

የቀረውን መጻፍ ይከብደናል። የሳይንስ ተቋም ነን፤ ያልለካነውን አናትምም። ይሁን እንጂ ዋና ዳይሬክተራችን በለቅሶው ተገኝተው በጆሯቸው የሰሙትን አልሰማሁም ሊሉ አልፈለጉም።

በጠዳ በተተከለው የለቅሶ ድንኳን አልቃሿ ወይዘሮ ወይንሸት የሟቹን ስም አንድ ጊዜ ጠርተው ሙሾውን ሊቀጥሉ ሲሉ ከድንኳኑ ጀርባ «አቤት» የሚል መልስ መጣ። ቀትር ነበር፤ ፀሐዩም ግልጽ። ከድንኳኑ ጀርባ ከጎረቤት አጥር በስተቀር ምንም አልነበረም። ለቀስተኛው ተበተነ። ወይዘሮ እናኑም አዘቅዝቀው የለበሱትን ነጠላ መልሰው አቀኑት። «ልጄ አቤት እያለኝ እንዴት አለቅሳለሁ?» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንዲት እንባ አላወጡም፤ እርማቸውም አልወጣም። እንቅልፍና እህል ከእሳቸው መራቁን ጎረቤቶቻቸው ነግረውናል።

በሳምንቱ የዕቃ ክፍል ባልደረባችን የሟቹን የመሣሪያ ሣጥን ለማስረከብ ስማቸውን ጮክ ብላ ስታነብ ከተቆለፈው ወርክሾፕ ውስጥ መልስ ተሰጣት። ያንኑ ቀን ስማቸው በግቢያችን እንዳይጠራ በቃል መመሪያ ተላለፈ። ይህ መግለጫም እስካሁን ስማቸውን ያልያዘው በዚሁ ምክንያት ነው። ድምፁ የሚያስደነግጥ ድምፅ እንዳልሆነ የሰሙት ሁሉ ይስማማሉ። እንደ ወትሯቸው ትሑት ነው፤ ተጠርቶ ትእዛዝ የሚጠብቅ ሰው ድምፅ ነው። እኛን የሚያስፈራን ይኸው መጠበቁ ነው።

የደብራቸው ካህን መምሬ ሐብተ ማርያም ጸሎተ ፍትሐቱን በክርስትና ስማቸው አድርሰዋል። በዚያ ስም ሲጠሩ የመለሰ የለም። መምሬ ስለ ነፍሳቸው እንዳንሰጋ አጽናንተውናል። «የቀረው የቤት ስሙ ነው፤ እሱን ያወጣችለት እናቱ ትመልሰው» ብለዋል።

ወይዘሮ እናኑ ይህን ከሰሙ በኋላ ወደ ማዕከላችን በእግራቸው መጥተው የተናገሩትን ቃል በቃል እናሰፍራለን። «ሰውን ጠርቶ ጉዳይን አለመንገር ነውር ነው። ልጄን አንዱ ጠራው፤ ጉዳዩን ሳይነግረው ጠፋ። እኛም ጠራነው፤ አቤት ሲለን ሸሸን። እስቲ እሱ ምን ያድርግ? ቆሞ ይጠብቃል። እንደ ሰው ጥሩልኝና ጉዳዩን እኔ ልንገረው። ከዚያ ላልቅስ።»

ኃላፊያችን በመኸር ወቅት እቤት ገብተው እንዲያርፉ በተነገራቸው ቁጥር «እህሉ ሳይገባ እኔ አልገባም» ይሉ እንደነበር የሥራ ባልደረቦቻቸው ሁሉ ያስታውሳሉ። በጉም ደጅ ከዚያ ከተጀመረው ክምር የቀረው ዛሬም ሳይወቃ እንደቆመ ነው፤ የሚቀርበው ሰው አልተገኘም። ስለዚህ ማዕከሉ የሚከተለውን ወስኗል። በመጪው ቅዳሜ ጥሩምባው ሦስት ጊዜ ከጮኸ በኋላ ኢዮስያስ ማሽኑን ያስነሣል። የቀረው ገብስ ይወቃል፤ አያ አድማሴና ጎረቤቶቻቸው ወደ ጎተራ ያስገቡታል። ከዚያ የሦስቱም ክፍሎች ሠራተኞችና የመንደሩ ሰዎች ወይዘሮ እናኑን መካከል አድርገን፣ ፊታችንን ወደ ገደሉ ሳይሆን ወደ መንደሩ አዙረን፣ ኃላፊያችንን በአንድ ድምፅ ሦስት ጊዜ እንጠራቸዋለን። መልስ ቢመጣ ማንም እንዳይሸሽ፣ ማንም ዞሮ እንዳያይ። የሚናገሩት እናታቸው ብቻ ናቸው።

ማዕከሉ ለወይዘሮ እናኑ፣ በጉም ደጅ ልጃቸው እንደሞተባቸው ለተቀመጡት ገበሬዎች፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ማሽን ላልነካው ለባልደረባችን ለኢዮስያስና ለወዳጆቻቸው ሁሉ መጽናናትን ይመኛል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በአብርሃም አጠገብ ያሳርፍ። እኛንም ይቅር ይበለን፤ ያን ያህል ዘመን በጠራናቸው ቁጥር አቤት ያሉንን ሰው አንድ ቀን አቤት ስላሉን ፈራናቸው።

ቅዳሜ በአውድማው መገኘት የማትችሉ፣ ገብሱ ገብቷል የሚለው ወሬ ሲደርሳችሁ፣ ባላችሁበት ሆናችሁ ከዚህ በታች ያለውን የቤት ስማቸውንና የእናታቸውን ቃል ጮክ ብላችሁ አንብቡልን። ወይዘሮ እናኑ ያሉት ይህንኑ ነው። በአንዱ ላይ አታቁሙ። በሁለተኛውም አታቁሙ። ሦስቱን ጨርሳችሁ የመጨረሻዋን መስመር ንገሩት።

ባምላክ።
ባምላክ።
ባምላክ።
እህሉ ገብቷል፤ ግባ ልጄ።