የቅዳሜው ስብሰባችን ስለማይፈርስበት ምክንያት

ሆፕኪንስ፣ ጃንዋሪ 2006

ለተከበሩ አቶ ቦጋለ
በአገር አቀፉ የወላጆችና መምህራን ማኅበር፣ የትምህርት ቤታችን ቅርንጫፍ የስደተኛ ወላጆች ተጠሪ

ጤናዎ እንደ ማዕረግዎ እየጨመረ እንዲሄድ፣ ይህንንም ብርድ ከነቤተሰብዎ በደህና እንዲያሳልፉ ከልብ እመኛለሁ።

ቅዳሜ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት የምንሰበሰበው ወላጆች እስከ ወሩ መጨረሻ በአገር አቀፉ ማኅበር ሥር እንድንገባ፣ አለበለዚያ ክፍሉን እንድንለቅ የጻፉልን ማስጠንቀቂያ ደርሶናል። በተሾሙ በዓመትዎ ስላስታወሱን እናመሰግናለን። ቅሬታዎቻችንን በትሕትና ላቅርብ።

፩. ማኅበርዎ የሚሰበሰበው ማክሰኞ ማታ ነው። በዚያ ሰዓት ግማሾቻችን ነርሲንግ ሆም ውስጥ አረጋውያን እያጎረስን፣ ግማሾቻችን ታክሲ እየነዳን ነው። ቀኑ ይቀየርልን ብለን ሁለት ጊዜ ብንጠይቅ፣ ለልጆቻችን ትምህርት ግድ እንደሌለን በማኅበሩ ወርኃዊ ጽሑፍ ላይ አወጡልን።

፪. ሊቀ መንበራችንን በዕጣ ማውጣታችን ደንብ የሚጥስ ኋላ ቀርነት ነው ብለዋል። ዕጣ የምንጥለው ኦሮምኛ ተናጋሪውና አማርኛ ተናጋሪው፣ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደውና መስጊድ የሚሄደው በወንበር እንዳይናቆር ብለን ነው። ዘንድሮ የደረሳቸው የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ሾፌር አቶ ሆርዶፋ የሁሉንም ልጅ ወላጅ በስም ያውቃሉ። እርስዎ በደንቡ መሠረት ስለተሾሙ ማንንም ማወቅ አይጠበቅብዎትም።

፫. የላኩልንን ሠላሳ ሁለት ገጽ ደንብ አነበብነው። አስተርጓሚ የሚል ቃል አላገኘንበትም። ልጆቻችን ከመምህር ፊት ተቀምጠው የራሳቸውን ውጤት ለእኛ ሲያስተረጉሙ፣ አስተርጓሚ እስኪመደብ ድረስ ርእሰ መምህሯን ሦስት ወር ሙሉ የነዘነዝናቸው እኛው የቅዳሜዎቹ ነን። ይህ ስብሰባ ከፈረሰ አስተርጓሚው የሚቆይ አይመስለኝም፤ ያን ጊዜ ስለ ልጄ የምሰማው ልጄ የፈቀደችልኝን ብቻ ይሆናል። ይህ ያናድደኛል፤ አንድ ጊዜ አሳፍሮኛልና ሁለተኛ አልቀበለውም።

ስለዚህ አንገባም። ክፍሉን ከዘጉብንም በአፓርታማችን ልብስ ማጠቢያ ክፍል እንሰበሰባለን። ማሽኖቹ ይጮኻሉ፤ ለምደነዋል።

እንዲህ አጥብቀው ስላስተባበሩን ውለታዎን እስከ መቼም የማልረሳ፣ እጅ እየነሳሁ የምሰናበት፣ ደንብ የማላውቅ የሁለት ልጆች እናት፣

ፋና ቂርቆስ

ማሳሰቢያ፦ ከዚህ ደብዳቤ ጋር የአርባ አንድ ወላጆች ፊርማ ተያይዟል። ሦስተኛው የባለቤትዎ የወይዘሮ ጽጌሬዳ ነው። ማክሰኞ ማታ እሳቸውም ሥራ ላይ ናቸው።