ከመቀሌ ያመጡልኝ ሲዲ

ውድ አባባ፣ መሪጌታ ወልደ ጻድቅ፣

ዓይንዎ እንዴት ሆነልኝ? እንዳይደክምዎ ፊደሉን አተልቄ ጽፌዋለሁ። ሌላ ሰው እንዲያነብልዎ አልፈልግም።

በ2000 ዓ.ም. ሰቆጣ መናኸሪያው አጠገብ ጌም ቤት ስከፍት፣ አገራችን ደሃና የደረሰው ወሬ «የመሪጌታ ልጅ ጭፈራ ቤት ከፈተች» የሚል ነበር። እርስዎ ሰው ልከው እንኳ አልጠየቁኝም። እኔም ተቀይሜ ዓመት ሙሉ አገር ቤት ሳልመጣ ቀረሁ። ቤቴ እኮ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ፕሌስቴሽንና ወለል ላይ የሚነጠፍ ምንጣፍ ብቻ ነበር። ዘፈኑ ሲጀምር ቴሌቪዥኑ ላይ ቀስቶች ይወጣሉ፤ ተጫዋቹ ምቱን ጠብቆ ምንጣፉ ላይ ያሉትን ቀስቶች ይረግጣል። ይኸው ነው።

ከዓመት በኋላ እርስዎ ራስዎ የመጡ ዕለት ቤቱ ሞልቶ ነበር። አዳዲስ ዘፈን ያለበት ሲዲ መጣልኝ ብዬ ያልጠራሁት ሰው አልነበረም፤ ሲዲው ግን አልከፈት አለኝ። የእንግሊዝኛ መምህሩ ካሤ ቴሌቪዥኑ ላይ የወጣውን ጽሑፍ አነበበና፣ «ሰርኬ፣ ይሄ ተጨማሪ ነው። መጀመሪያ ዋናውን ትከፍቺና ነው በዚህ የምትቀይሪው። ለብቻው አይሠራም» አለኝ። ዋናው ደግሞ የለኝም፤ ያለኝ የድሮው ሲዲ ከዚህ ጋር አይሄድም። ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ። ቀና ስል እርስዎ ጥምጥምዎን እንዳደረጉ፣ መቋሚያዎን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል።

የተጣፈ ጋቢዎን አየሁ። ደንበኞቼን አየሁ። አንዷ «ማናቸው?» ብትለኝ፣ «እንጃ፣ ከገጠር የመጡ ሰውዬ ናቸው፤ ጥላ ፈልገው ይሆናል» አልኳት።

ሰምተውኛል፤ መስማትዎን አውቃለሁ። በርጩማው ላይ ተቀምጠው፣ ካሤ ለብቻው በሚሠራው በድሮው ሲዲ ሲጫወት እስኪጨርስ አዩና «ደኅና ዋሉ» ብለውን ወጡ።

በሦስተኛው ሳምንት ተመለሱ። ከእኔ በቀር ቤቱ ውስጥ ሰው አልነበረም። አንድ ዓይንዎ በፋሻ ተሸፍኗል። ለሕክምና መቀሌ መውረድዎን እንኳ አልሰማሁም ነበር። ከጋቢዎ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ሲዲ አውጥተው ሰጡኝ።

«ዋናው ነው» አሉኝ።

«እንዴት አወቁት፣ አባባ?»

«ያን ዕለት አስተማሪው ሲወጣ ጠብቄ ስሙን በወረቀት አጻፍኩት። ባለሱቁ መጀመሪያ ሌላ ሰጠኝ፤ ‹ይሄም ለብቻው ይሠራል› ብሎ። ከወረቀቱ ጋር ፊደል በፊደል ባስተያየው አልገጠመልኝም፤ መለስኩለት።»

በአንድ ዓይንዎ፣ በማያውቁት ፊደል።

ይቅርታ ልልዎ አፌን ስከፍት፣ «አስተማሪሽ ግን እግሩ ይቀድማል፤ ምቱን ጠብቅ በዪው» ብለው፣ መኪናው እንዳያመልጥዎ ተነሱ። መናኸሪያ ድረስ ሸኘሁዎ። ይቅርታው እዚያም ከአፌ አልወጣልኝም።

አባባ፣ የካድኩዎ አፍሬብዎ ነው። ሌላ ምክንያት አልፈልግለትም። ትናንት ሁለቱን ሲዲዎች ተራ በተራ አስገብቼ አዲሶቹ ዘፈኖች ተከፈቱ። ቤቱ ተደሰተ። ያቺ ልጅም ነበረች፤ ከየት እንዳገኘሁት ጠየቀችኝ። «ያን ቀን በር ላይ ያየሻቸው አባቴ ናቸው ያመጡልኝ» አልኳት። ትኩር ብላ አየችኝ። እኔም ዓይኔን አልሰበርኩም።

ቅዳሜ ቤቱን ዘግቼ ደሃና እመጣለሁ። ይቅርታውን እግርዎ ሥር ሆኜ እለዋለሁ። ቢቆጡኝም ይቆጡኝ፤ ብቻ ዝም አይበሉኝ።

ጉልበትዎን የምትስም ልጅዎ፣
ሰርካለም ወልደ ጻድቅ