የኬላችን ጠላቂ ዋናተኛ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4
ቀኑን ሙሉ ትየባ። የስድስቱ አገሮች ድርጅታችን የሴቶችና የጸጥታ ፖሊሲ ሊያጸድቅ ነው። አለቃዬ የሌላ አህጉር ድርጅት ሰነድ ሰጠኝና «ስሙን ብቻ ቀይሪ» አለኝ። ምዕራፍ አራት ስለ ባሕር ጠረፍ ጥበቃ ነው። ከስድስቱ አንዱም ባሕር የለውም... ነገርኩት።
«ከሰነዱ ለማውጣት የስድስቱም ፊርማ ያስፈልጋል። ባሕሩ ይቆይ።»

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7
ታላቅ እህቴ መጣች። በየቀኑ ሽንኩርት ይዛ ድንበር ትሻገራለች። ፊቷ ጠቁሯል።
«ዛሬም ያው የኬላው ፈታሽ?» አልኳት።
«ፍተሻውን ጨርሶም እጁን አያነሳም» አለች።
ሰነዱን ከዳር እስከ ዳር አየሁት። ስለ መርከብ ሦስት ገጽ። ስለ ኬላ ፍተሻ አንድ ቃል የለም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 8
ጻፍኩት። ምዕራፍ አራት፣ ስለ መርከብ መልሕቅ ከሚለው አንቀጽ ቀጥሎ፦ «ሴት መንገደኛ በሴት ብቻ ትፈተሻለች።» ቢነቃብኝስ?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19
ስብሰባ። አሥራ ስምንት ወንዶች። ግማሽ ቀን የተከራከሩት ርዕሱ ላይ «ሴቶች» ይቅደም ወይስ «ጸጥታ» በሚል ነው። ምዕራፍ አራት ላይ ሲደርሱ አንዱ ልዑክ «ባሕር ስለሌለን አያጣላንም፣ እንለፈው» አለ። ጸደቀ። ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ...

ረቡዕ፣ ኅዳር 18
አለቃዬ ጠርቶኝ በሩን ዘጋ።
«ይቺን ዓረፍተ ነገር ማን ጻፋት?»
«እኔ።»
«ስድስት መሪዎች ፈርመውባታል እኮ። አሁን ለማውጣት...»
«የስድስቱም ፊርማ ያስፈልጋል» አልኩት። ድምፄ ከየት እንደመጣ እንጃ።
ጭንቅላቱን ያዘ። ሴት ፈታሽ የግድ ልትቀጠር ነው። በምዕራፉ ለሴት የተፈቀደው የሥራ መደብ ግን አንድ ብቻ፦ ጠላቂ ዋናተኛ።
«እንግዲህ በዚያው ትቀጠራለቻ» አለ፣ ከልቡ። እኔን ማባረሩን ረሳው መሰለኝ።

ቅዳሜ፣ ጥር 10
ጠላቂዋ ኬላው ላይ ሥራ ጀመረች። መታወቂያዋም እንደዚያው ይላል። ለኬላው ቅርብ የሆነው ውሃ የከብት መጠጫ ገንዳ ነው። እህቴ ደውላ ታማርራለች።
«ለዚህ ሁሉ ሴት አንዲት ፈታሽ? ሁለት ሰዓት ተሰለፍን።»
ይቅርታ ልጠይቃት ይሆን?

ሰኞ፣ ጥር 12
እህቴ ጋ አደርኩ። ጠዋት ስትለብስ አየኋት። ለዘጠኝ ዓመት ከቀሚሷ ስር ሁለት ሱሪ ደርባ ነው የምትሻገረው። ለብርድ ነው ትል ነበር... በሐሩርም። ዛሬ ሱሪዎቹን አነሳች፣ ጥቂት አየቻቸው፣ አልጋው ላይ ትታቸው ወጣች።